አንገት የማይደርስበት ጣሪያ

መሠረታዊውን በአጭሩ ልበለው፦ ኖርዊች ካቴድራል ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ግንባታው በ1096 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በኦገስት 2019 መካከሉ ላይ 17 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠመዝማዛ ሸርተቴ ተተከለ። የመንሸራተቻ ዋጋው 2 ፓውንድ ነበር።

መቅደሱን የልጆች መጫወቻ አደረጉት ተብሎ ብዙ ተወርቷል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወሬኞቹ የተመለከቱት ቁልቁል መንሸራተቱን ብቻ ነው፤ ነገሩ ግን ጣሪያውን በቅርብ ለማየት ሽቅብ መውጣቱ ላይ ነበር። የካቴድራሉ ጣሪያ የድንጋይ ቅስቶች የተጠላለፉበት ነው፤ ቅስቶቹ በሚገናኙበት በያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። በሕንፃው ሁሉ ከ1,000 በላይ ናቸው። የዋናው አዳራሽ ቅርጾች በ1463 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ የተሠሩ ሲሆኑ ከፍጥረት እስከ ፍርድ ቀን ይተርካሉ። አንዱ ላይ ፈርዖን ከነሠራዊቱ ቀይ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል፤ ውኃው እንደ ስሙ ቀይ ተቀብቷል። ከወለሉ ለሚያየው ግን ቀይ ነጠብጣብ ነው። ቀና ሳይል ፎቶ ተነሥቶ የሚወጣው ጎብኚማ ነጠብጣቡንም አያይም!

ሐሳቡ ለካቴድራሉ ካህን ለአንዲ ብራያንት የመጣላቸው ቫቲካን፣ ሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሥር ሆነው ነው። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ጳጳስ ጆናታን ሜይሪክ ሸርተቴው መሐል ተቀምጠው ሰበኩ። እሱ እንኳ ለእኔ ትንሽ በዝቷል።

ሸርተቴው አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው አልሆነም። ይህን የምለው በእናቴ ምክንያት ነው። ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዣት ስሄድ አንገቷ ቀና አይልም ነበር። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት መሆኑን ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ማየቱ ነው የቸገራት። ቦርሳዋ ውስጥ ክብ መስታወት ነበረች። አውጥቼ መዳፏ ላይ አጋድሜ ያዝኩላት። አጎንብሳ ጣሪያውን አየች። ዝም ብላ ቆየችና፣

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን እኔን ነው እንዴ የሚያየኝ?» አለችኝ።

በአንዳንድ የእንግሊዝ ካቴድራሎች ለዚሁ ሲባል ጎማ ያለው ትልቅ መስታወት ይቀመጣል። እኛ ዘንድ እስኪመጣ ድረስ፣ እናት ወይም አያት ይዛችሁ ስትሄዱ ትንሽ መስታወት አትርሱ። የስልካችሁን ፍላሽ ግን አጥፉት።