በአሮጌ መኪና ላይ የሞተር ውሃ ሙቀት መለኪያ አገጣጠም

ከዓባይ ሸለቆ ወደ መካነ ሰላም ጭነት ይዞ የሚወጣ አሮጌ መኪና ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፤ የማኅበሩ ማዳበሪያም ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ መለኪያ እንዲገጠም እንመክራለን።

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ውሃው በከፊል ይጎድላል።

2. ከመለኪያው ጋር የመጣው ሴንሰር፣ ጥርሱ መግጠሙ ተረጋግጦ፣ ከቴርሞስታቱ በፊት በሞተሩ በኩል ውሃ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይታሰራል።

3. የመለኪያው ገመድ በፊውዝ አልፎ ከቁልፉ ጋር ይያያዛል፤ ከጭስ ማውጫው ይርቃል።

4. ውሃ ተሞልቶ አየሩ ይወጣል፤ የሚያፈስ ቦታ ይታያል።

ጥንቃቄ፦ በመካነ ሰላም፣ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ጠቋሚው ቀዩ ላይ ሳይደርስ ውሃው ተንኖ ያልቃል። ሴንሰሩን ውሃ ካልነካው ደግሞ ጠቋሚው ዝቅ ብሎ ያታልላል። ስለሆነም ሹፌሩ በየጠዋቱ ሞተሩን ሳያስነሣ ውሃውንና ክዳኑን እንዲያይ የልማት ሠራተኞች ያስረዱ።