ፒያሳን ጌም ብናደርጋትስ?

ልጅዎ ስልክ ወይም ፕሌይስቴሽን ላይ ተተክሎ ሲያመሽ፣ ከሰይፉና ከጩኸቱ ጀርባ ምን ታሪክ እየተከተለ እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ? ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በምናባዊ ዓለም የሚዞርባቸው ጌሞች የተደራረበ ታሪክ አላቸው። የወደቀ መንግሥት፣ የተረሳ ንጉሥ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ድልድይ። ይህን የዓለሙን ታሪክ ተጫዋቾች «ሎር» ይሉታል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዓለም ካርታ ላይ የሌለን መንግሥት የዘር ሐረግ ሲዘረዝር ቢሰሙ አይገረሙ።

ያው ልጅ አያቱ ያደጉበት ሰፈር ስሙን ከየት እንዳገኘ ቢጠየቅስ?

ሰምና ወርቅ በጌም ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን «ኤልደን ሪንግ» እንውሰድ። የጌሙ ዳይሬክተር ጃፓናዊው ሂዴታካ ሚያዛኪ ሲሆን፣ የዓለሙን ጥንታዊ ታሪክ የጻፈው ደግሞ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተሰኘው ድራማ የተሠራባቸው መጻሕፍት ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ይሁንና ያ ታሪክ ለተጫዋቹ ተዘርዝሮ አይነገረውም። አሮጌ ጦር ሲያነሣ ሁለት መስመር ያነባል፤ የፈረሰ ሐውልት ያያል፤ የቀረውን ራሱ ያገናኛል። ሚያዛኪ በልጅነቱ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲያነብ ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል።

ቅኔ ላለው ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ነው፤ ወርቁን ያገኘ ሰው ደስ የሚለው ራሱ ፈልቅቆ ስላወጣው ነው። እኔ የተሰማራሁበት የማርኬቲንግ ሙያ መልእክትን በ30 ሰከንድ ጨርሶ መናገርን ያስተምራል። ሎር ግን ሰውን የሚይዘው ሳይናገር ባስቀረው ነገር ነው።

የአራዳ አራት ንብርብሮች

እስቲ ፒያሳን በጌም ሠሪ ዓይን እንያት። የመጀመሪያው ንብርብር ስም ነው። የቀድሞው ስሟ አራዳ፣ ገበያውም የአራዳ ገበያ ነበር። «ፒያሳ» ከጣልያን ወረራ የቀረ ቃል ነው፤ ገበያውንም ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው ጣልያን ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ያወጣው ስም ግን ቀረ። ለምን? ጥሩ ሎር የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ንብርብር የሚታይ ነገር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣልያን ነቅሎ ደበቀው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ ኋላ ተመልሷል። በአንድ ሰፈር ሁለት ሐውልቶች ሄደው ተመለሱ፤ አንዱን ጠላት፣ ሌላውን ልማት አነሣው። ጎበዝ የጌም ደራሲ እንዲህ ያለውን መመሳሰል ሆን ብሎ ይፈጥራል። ፒያሳ ግን ሳትለፋ አግኝታዋለች።

ሦስተኛው ንብርብር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ይህን በልብ ወለድ ብናነበው «ደራሲው አበዛው» አንልም?

አራተኛው ንብርብር ባዶ ቦታ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ጌም ውስጥ ፍርስራሹ ቆሞ ተጫዋቹን ይጠብቃል። እዚህ ግን ፍርስራሹም ተጠርጓል። የቀረው ታሪክ ወደ ሌላ ሰፈር በተዛወሩ ሰዎች አንደበት ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ያረጃሉ።

የጀመሩ አሉ

የካሜሩኑ ኪሮ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለውን በአፍሪካ ባህል ላይ የተመሠረተ ምናባዊ የሚና ጌም አወጣ። በሀገራችንም ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጁ የሚሸሽ ዶሮ የምንመራበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል። ይህ የሩጫ ጌም ነው፤ የአራዳን ያህል ጥልቅ ዓለም ያለው የራሳችን የሚና ጌም ግን ሠሪ ይፈልጋል። ያ ሠሪ ምናልባት አሁን ሳሎንዎ ውስጥ እየተጫወተ ይሆናል።

በቤትዎ ይሞክሩት

ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ካርታ ይሳሉ። ልጆቹ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥተው አምስት ቦታ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ ረጅም ማብራሪያ ተጫዋቹን ያሰለቻል።

ሁለት ተራኪ ይፈልጉ። አያትንና አክስትን ስለ አንድ ቦታ ለየብቻ ይጠይቋቸው። ታሪካቸው ካልተስማማ ሁለቱንም ይጻፉ። የተጫዋቹ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እውነቱንና ፈጠራውን ይለዩ። ዘንዶ ማስገባት ይቻላል፤ የተፈጸመው በሰማያዊ፣ የተፈጠረው በቀይ እስክሪብቶ ይሁን።

አንድ ጥያቄ ክፍት ይተዉ። ዶሮ ማነቂያ ለምን እንዲህ ተባለ? መልሱን እርስዎ አይንገሯቸው። ስልክ ደውለው ሰፈሩ ውስጥ የኖረ ሰው ይጠይቁ። ያ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስልኩን ላያነሣው ይችላልና፣ ከአራቱ ሥራዎች መጀመሪያ ይህን ያድርጉ።