መረሬ ላይ የቆመ ቤት

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋም ይላል። አናጢ ይጠራና ጠርዙን ይልገዋል። ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ ያው በር እንደልብ ይከፈታል፤ በምትኩ ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሳ ስንጥቅ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። ባለቤቱ በጀሶ ይደፍነዋል፣ ቀለም ያስቀባዋል። በዓመቱ ስንጥቁ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይከፈታል።

ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ ግምበኛው ላይ ያርፋል፤ አንዳንዴም ይገባዋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ሜዳዎች ላይ ለተሠሩ ብዙ ቤቶች የችግሩ ሥር ያለው ከግድግዳው በታች፣ ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ በሚለው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው።

ይህ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፣ ቤት መሸከም ላይ ግን ያስቸግራል። ውስጡ ያለው ስሜክታይት የተባለ ሸክላ እጅግ ከቀጠኑ ንጣፎች የተደራረበ ነው። ውሃ በንጣፎቹ መሀል እየገባ ያራርቃቸዋል፣ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና በበጋ እጅ የሚያስገባ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ይከፍታል። ከቤቱ ወለል ሥር ያለው አፈር ጥላ ስላለው እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከውጪው ግድግዳ ሥር ያለው ግን በየወቅቱ ይርሳል፣ ይደርቃል። ማዕዘኖቹ ከመሀሉ ተለይተው ከፍና ዝቅ የሚሉት ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የሚበረታው ደግሞ በቀላል ቤት ላይ ነው። ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ መሠረቱም ብዙ ጊዜ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ያርፋል። ፎቅ የሌለው ቪላ ግን ያበጠ አፈር ሲያነሳው ተመልሶ የሚጫንበት ክብደት የለውም። የግቢ አጥርማ ከቤቱም ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ሲሚንቶው ሲደርቅ የተኮማተረበት ምልክት ነው፤ ከመልኩ በቀር ጉዳት የለውም። በኮንክሪት ቋሚና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም በአብዛኛው አያሰጋም፤ ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት የሚንቀሳቀሱት በተለያየ መጠን ስለሆነ ነው። ከመለሰኑ በፊት መጋጠሚያው ላይ የሽቦ ወንፊት ቢመታ ኖሮ ይቀንስ ነበር። የሚያሳስበው በሰያፍ የሚሄደው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው ነው። ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ የቤቱ ጫፍ ወርዷል፤ ታቹ ከሰፋ መሀሉ ሰጥሟል ማለት ነው።

ስፋቱም ይለካል። በ1976 እ.ኤ.አ. ብሪታኒያን የመታው ድርቅ የለንደንን ሸክላ አፈር አድርቆ ብዙ ቤቶችን ሰነጣጥቋል። የአገሪቱ የሕንፃ ምርምር ተቋም በሚጠቀምበት ደረጃ መሠረት እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ በልስንና በቀለም የሚስተካከል ነው። ከ5 እስከ 15 ከሆነ ግንብ ተነቅሎ መጠገን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከ25 ካለፈ ቤቱ ራሱ ያሰጋል። ከስፋቱ ይልቅ ወሳኙ ግን እንቅስቃሴው ነው። ስንጥቁን አሻግሮ ጥቂት ጀሶ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ርካሽ ምርመራ ነው፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል።

ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ሌላም ጠቋሚ አለው። በቆዩት የአዲስ አበባ ቪላዎች ሳሎን ውስጥ ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ምድጃ ጭሱን የሚያወጣው በረጅምና ከባድ ግንብ ነው። ይህ ክብደት በጠባብ መሠረት ላይ ሲያርፍ ከቤቱ ግድግዳ ተለይቶ ይሰጥማል፣ ያዘነብላል። ምልክቱ በግንቡና በግድግዳው መሀል የሚከፈት፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት ደግሞ ነገሩን ያባብሳል፤ ሙሌቱ ሽብልቅ ሆኖ ግንቡን የባሰ ይገፋዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ጭስ ማውጫ ቀድሞ ከሚወድቁት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች አካባቢ፣ በ2014 ደግሞ በካሊፎርኒያ ናፓ ፌሮ የሌላቸው የጡብ ጭስ ማውጫዎች ከጣሪያ በላይ ተሰብረው ወርደዋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ግድግዳውን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ አቧራ፣ አንዳንዴም የድሮ ቀለም ይኖረዋል፤ አዲሱ ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕ ነው።

የጭስ ማውጫ ሌላው ጣጣ ከውስጥ ነው። ያልደረቀ ባህር ዛፍ ሲነድ ጭሱ በቀዝቃዛው ግንብ ላይ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ይጋገራል። ይህ ክሬኦሶት አንዴ ከተቀጣጠለ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስና ጡቡን ሊሰነጥቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ጭስ ማውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል፤ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አያውቀውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ጭስ የሚስበው ኃይልም ይዳከማል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ቆላ ካለ ቤት ይልቅ ረዘም ማለት አለበት። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ደንብ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍልም 60 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ያዛል።

ጥገናው የሚጀምረው ከውሃ ነው። የተቀደደ አሸንዳ፣ ከወለል ሥር የሚያፈስ ቧንቧ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተቆፈረ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በመስኮት ሥር በየማታው የሚጠጣ አትክልት፤ ሁሉም አፈሩን በአንድ ወገን ብቻ ያሳብጣሉ። ቤት ተጠግቶ የበቀለ ባህር ዛፍ በተቃራኒው እርጥበቱን መጦ ያወጣል። ነገር ግን ትልቅ ዛፍ በአንድ ቀን መቁረጥም አይመከርም፤ የደረቀው አፈር ውሃ መልሶ እየጠጣ ለዓመታት ሊያብጥ ይችላል። ቤቱን ዙሪያውን ወደ ውጪ ያዘነበለ የሲሚንቶ መሄጃ ማሠራት ርካሽና ብዙ የሚረዳ ሥራ ነው።

ይህ ካልበቃ መሠረቱ ወደ ታች እንዲረዝም ይደረጋል። ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ከግንቡ ሥር አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ ይቆፈራል፣ ኮንክሪት ይሞላል፤ እሱ ሳይጠነክር ጎኑ ያለው አይነካም። ግንቡን በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከሥር ባዶ ማድረግ ቤቱን መጣል ነው። ያዘነበለው ጭስ ማውጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያ በላይ ያለው ፈርሶ፣ ውስጡ የብረት ቧንቧ ገብቶለት፣ በፌሮ ታስሮ እንደገና ይገነባል። ስንጥቁ በልስን የሚዘጋው መጨረሻ ላይ፣ ጀሶው ክረምትና በጋ ሳይሰበር ከቆየ በኋላ ነው።