ኦቲዝምን በዶክትሬት ማጥናት፦ ከአዲስ አበባ ክሊኒክ እስከ ሮብ ገበያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዙሪያ፣ ሮብ ገበያን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞችና በየገጠሩ፣ አራት ዓመት ሞልቶት ቃል ያልተናገረ ልጅ ያላት እናት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጠበል ነው። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ከእኩዮቹ ተነጥሎ አንዲት ጠጠር ደጋግሞ ያሽከረክራል፤ የሰው ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ከጠበሉ በኋላ ጤና ኬላ፣ ከዚያም ሲያድግ ትምህርት ቤት ይወሰዳል። ካህኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና መምህሩ እያንዳንዳቸው ከልጁ አንድ ነገር ያያሉ። ያዩትን አንድ ላይ አድርጎ የሚመረምር ሰው ግን በአካባቢው የለም። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ ያን ሰው ሊያፈራ የሚችል የትምህርት ዓይነት ነው፤ ኦቲዝምን ከአንድ በላይ በሆኑ ሙያዎች አጣምሮ የሚያጠና የዶክትሬት ትምህርት።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ ሰው ከሌላው ጋር የሚግባባበትን፣ ዓለምን በስሜት ሕዋሳቱ የሚቀበልበትንና ነገሮችን የሚያዘወትርበትን መንገድ ልዩ የሚያደርግ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን አይናገርም፤ አንዳንዱ ተናግሮ፣ ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ ካሳተመ ወዲህ፣ ጥናቱ ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ዘረመል፣ ወደ ሥነ ልቦና፣ ወደ ሥነ ልሳን፣ ወደ ትምህርትና ወደ አንትሮፖሎጂ ተስፋፍቷል። የተስፋፋበት ምክንያት አለው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ብዙ ምዕራባውያን ባለሙያዎች የልጁን ሁኔታ በእናቱ ቀዝቃዛ ፍቅር ያመካኙ ነበር። ያንን ክስ በ1964 በመጽሐፍ ከሞገቱት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ፣ ሥነ ልቦና ያጠና የኦቲስቲክ ልጅ አባት ነበር። በ1977 ደግሞ የመንትዮች ጥናት የዘር ድርሻ ከባድ መሆኑን አሳየ። አንድ ሙያ ብቻውን ሲቀር እናቶችን ምን ያህል ሊበድል እንደሚችል ከዚህ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በእኛም ሀገር በሩን የከፈተችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የውበት ትምህርት ቤትን ያቋቋሙ የንግድ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲስቲክ በመሆኑ የሚያስተምረው ቦታ ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ፣ በቤት ተደብቀው የሚኖሩ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ ሲሟገቱ ኖሩ። ከሥራዎቻቸው ለተመራማሪ የቤት ሥራ ሆኖ የቀረው ግን በፊደላችን ላይ የተመሠረተው የንግግር ማስተማሪያ ዘዴያቸው፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ፊደልም ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አስሮ አንድ ሙሉ ድምፅ ይሰጣል። ቃል ያልፈታ ልጅ በዚህ መንገድ ሲሠለጥን ምን ያህል ይሻሻላል? የየኔታ ተማሪዎች በዜማ ሀ ሁ የሚሉበት ልማድስ ይረዳው ይሆን? ልማዱ ያለበት ጎጃም ይህን ለመመርመር የሚመች ሀገር ነው። ጥያቄው ግን የሥነ ልሳን፣ የንግግር ሕክምናና የትምህርት ዕውቀት በአንድነት ይፈልጋል። አንድ ዶክትሬት ሙሉ የሚያስይዝ ርእስ ነው።

ቤተሰቦች ስለሚሸከሙት ጭንቀት በቁጥር ከነገሩን ጥናቶች አንዱ በደጀኔ ጥላሁንና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ይዘው ከመጡ 102 አሳዳጊዎች መካከል 40.2 ከመቶው የልጃቸው ሁኔታ ምክንያት የመንፈስ መያዝ ነው ብለዋል፤ 30.4 ከመቶው የጭንቅላት ጉዳት፣ 25.5 ከመቶው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግር ነው ብለው አስረድተዋል። አንድ ሰው መንፈሳዊም የሕክምናም ምክንያት በአንድነት ሊሰጥ ይችላል። እናት ልጇን ጠዋት ጠበል አስጠምቃ ከሰዓት ወደ ክሊኒክ ብትወስደው ለእርሷ ተቃርኖ የለውም፤ ተመራማሪውም ይህን ተቃርኖ አድርጎ ከቆጠረው ቤተሰቡን ያጣዋል። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ልጃቸው የሚማርበት ቦታ አለማግኘቱን እንደ ዋና ችግር አንሥተዋል። ሐኪም ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ስለ መድኃኒት ይጠይቅ ነበር።

ጥናቱን የሠራው የዚህ ቡድን ስብጥር ራሱ ትምህርት ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ሻርሎት ሃንሎን የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ሮዛ ሁክስትራ የኦቲዝም ተመራማሪ ናቸው፤ ቤተልሔም ተኮላ ደግሞ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2005 ድህነትንና የአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎችን ሕይወት በአንትሮፖሎጂ ዓይን የመረመረ ጥናት ያሳተሙ ናቸው። ቡድኑ በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስለ ኦቲዝም የማሠልጠን ሥራንም መርምሯል፤ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ለእነዚህ ልጆች የቀረበ አመለካከት አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ለሀገራችን እንዲስማማ ተደርጎ በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል።

ዶክትሬቱ በተግባር እንዴት ይሄዳል? ተማሪው ከተለያዩ ሙያዎች ቢያንስ ሁለት አማካሪዎች ይይዛል፤ ለምሳሌ ከልዩ ፍላጎት ትምህርትና ከሥነ አእምሮ ሕክምና። መጀመሪያ ያነባል፣ ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ በብዙዎች ዘንድ የሚናቀው፣ እኔ ግን የጥናቱ ልብ የምለው ክፍል ይመጣል፤ መለኪያውን ከሀገሩ ልማድ ጋር ማስማማት። በውጭ የተዘጋጁ መጠይቆች ልጁ ዓይን ለዓይን ያይ እንደሆነ፣ በአሻንጉሊት ስልክ እንዳወራ ሆኖ ይጫወት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በሮብ ገበያ አካባቢ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ የሚቆም ልጅ ጨዋ ይባላል እንጂ ችግር አለበት አይባልም። ስለዚህ ጥያቄው በእናቱ ጉያ ሳለ ወይም ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ስላለው ሁኔታ መሆን አለበት። የስልኩም ቦታ በጭቃ በሬ ሊተካ ይችላል፤ ልጁ የጭቃ በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ይጫወታል ወይስ በመስመር እየደረደራቸው ብቻ ይውላል? ይህን ማስማማት ያልሠራ ተመራማሪ ጨዋውን ልጅ ታማሚ ያደርጋል፤ እርዳታ የሚያስፈልገውንም ዝምተኛ ብሎ ያልፈዋል።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስት ከእስራኤል የመጣ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው በዚህ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ተወልደው ወደዚያ ከሄዱ ልጆች መካከል አንድም የተመዘገበ ኦቲዝም አልተገኘም፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው ከተወለዱት መካከል ግን ተገኝቷል። ልጆቹ በእርግጥ አልነበሩም? ወላጆች ደብቀዋቸው ነው? ወይስ ከባድ ችግር ያለባቸው ልጆች ከመንገዱ በፊት ቀርተው ነው? የዘረመል ሊቅ፣ የስደት ታሪክ አጥኚና የቤተሰቡን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ መልስ አይገኝም።

የመስክ ሥራው ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያነሣል። ሞጣ ከአዲስ አበባ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የምርመራና የትምህርት አገልግሎቱ ግን በዋናነት አዲስ አበባ ነው። ተመራማሪ አንዲትን እናት «ልጅሽ ኦቲዝም አለበት» ብሎ ወዴት ይልካታል? ስለዚህ ጥናቱ ሲታቀድ መምህራንን የማሠልጠን፣ ወላጆችን የማገናኘት ወይም ጤና ጣቢያውን የማጠናከር ሥራ አብሮ ሊታቀድ ይገባል። ስም መዝግቦ መሄድ አይበቃም።

መግቢያ በሮች አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርትና በአእምሮ ጤና በዶክትሬት ደረጃ ያስተምራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በአካል ጉዳትና በተሐድሶ ዘርፍ መምህራኑን እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። በውጭም ዋጋነሽ ዘለቀ በአሜሪካው ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ስለ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችና ስለ ኦቲዝም ምርምር አድርገዋል። በዓለም ላይ ኦቲስቲክ ሰዎች ራሳቸው ተመራማሪ ሆነዋል። ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1989 በእንስሳት ሳይንስ ዶክትሬቷን ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ዴሚያን ሚልተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አለመግባባቱ የኦቲስቲኩ ሰው ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ወገን ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ የጥናቱን አቅጣጫ ለውጧል።

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የምታስተምሩ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ርእስ የምትፈልጉ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ ይህን ርእስ ያዙት። የእናቶቹን አነጋገር ታውቃላችሁ፤ ከካህኑም ከጤና ኬላዋ ሠራተኛም ጋር ተቀምጣችሁ መነጋገር ትችላላችሁ። ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ አማካሪ ጨምሩ፤ ከፕሮፖዛሉ ጀምሮም ወላጆችን አሳትፉ።