አክሽን ፊገር

አክሽን ፊገር እጁ፣ እግሩ፣ አንገቱና ወገቡ በመገጣጠሚያ የሚንቀሳቀስ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በኮሚክ መጽሐፍ ወይም በፊልም በሚታወቅ ገጸ ባሕርይ አምሳል ነው። እንደ ሱፐርማን፣ ባትማንና ስፓይደርማን ያሉ የልዕለ ጀግኖች አምሳያዎች በልጆች መጫወቻነት ቢጀመሩም ዛሬ አዋቂዎችም ይሰበስቧቸዋል።

ታሪክ

ስሙ የወጣው ለሽያጭ ሲባል ነው። ሀዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተባለ ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ወንዶች ልጆች «የሴት ልጅ አሻንጉሊት ነው» ብለው እንዳይተዉት አክሽን ፊገር አለው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነበሩት።

በ1966 አይዲያል የተባለው ኩባንያ ካፕቴን አክሽንን አወጣ፤ ይህ አሻንጉሊት ልብሱና ጭንብሉ ሲቀየር ሱፐርማን ወይም ባትማን ይሆን ነበር። ከ1972 ጀምሮ ሜጎ የጨርቅ ልብስ የለበሱ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ልዕለ ጀግኖችን ሸጠ። ኬነር በ1984 ባቀረባቸው ደግሞ እግራቸው ሲጨመቅ እጃቸው ይንቀሳቀሳል። በ2002 ቶይ ቢዝ ማርቭል ሌጀንድስ የተባለውን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና መገጣጠሚያው የበዛ ተከታታይ ምርት ጀመረ፤ ከ2007 ወዲህ የሚያመርተው ሀዝብሮ ነው።

የቀረጥ ክርክር

የአሜሪካ ጉምሩክ በሰው አምሳል በተሠራ አሻንጉሊት ላይ 12 በመቶ፣ በሌላ መጫወቻ ላይ ደግሞ 6.8 በመቶ ቀረጥ ይጥል ነበር። ቶይ ቢዝ «የኤክስ ሜን አምሳያዎች ሰው አይደሉም» ሲል ተከራከረ፤ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱም በ2003 ለኩባንያው ፈረደ። በታሪኩ ውስጥ ኤክስ ሜን እንደ ሰው ለመቆጠር የሚታገሉ በመሆናቸው፣ ውሳኔው ብዙ አንባቢዎችን አስገርሟል፤ አሳዝኗልም።

አሠራር

መገጣጠሚያዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ይዞራል። ሁለተኛው እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ለክርንና ለጉልበት ይውላል። ሦስተኛው በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ኳስ ስለሆነ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። መገጣጠሚያ ሲበዛ አምሳያው እንደ ልብ ይቆማል፣ ይንበረከካል፤ ነገር ግን ስንጥቁ በዝቶ መልኩን ያበላሻል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

አሰባሰብና አያያዝ

ሰብሳቢዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶች ማሸጊያውን ሳይከፍቱ ያስቀምጣሉ፤ አሮጌ አምሳያ ካልተከፈተ የተሻለ ዋጋ ያወጣልና። ሌሎች አውጥተው በመደርደሪያ ላይ በተለያየ አቋም ያቆሙታል። ከማሸጊያው የወጣ አምሳያ መሣሪያው ወይም ካባው ከጠፋ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

የፀሐይ ብርሃን ቀለምን ያደበዝዛል፣ ነጭ ፕላስቲክንም ቢጫ ያደርጋል። ሙቀት ባለበት ቦታ የቆየ ለስላሳ ፕላስቲክ ይጣበቃል፣ ይጣመማልም። የጠበቀ መገጣጠሚያ በኃይል ከተጠመዘዘ ውስጡ ያለው ዘንግ ይሰበራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ማለስለስ ይመረጣል።

በኢትዮጵያ

በጎጃምና በሌሎች የኢትዮጵያ ገጠሮች ልጆች በሬና ሰው ከጭቃ እየሠሩ መጫወታቸው የቆየ ልማድ ነው። በፋብሪካ የሚመረቱት ልዕለ ጀግኖች ግን በአብዛኛው ከውጭ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በኮሚክ መጽሐፍ የመጣው በ2018 በብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ ባሳተመው «ጀምበር» ነው፤ ታሪኩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቀርቧል። ኤታን ኮሚክስ ከዚያ በኋላ «ሐዊ» የተባለች ሴት ልዕለ ጀግና አስተዋውቋል።