«ተጨባጭ» ስለሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ

«ጨበጠ» በመዳፍ ይዞ ጣቶቹን ገጠመ ማለት ነው። «ተወደደ» «ተወዳጅ»ን እንደሚያስገኝ ሁሉ «ተጨበጠ»ም «ተጨባጭ»ን ያስገኛል፤ ፍቺውም በእጅ ሊያዝ የሚችል ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ጭብጥ» በፍርድ ቤት ተከራካሪዎች የተለያዩበትና ውሳኔ የሚሻው ነጥብ፣ በሥነ ጽሑፍ ደግሞ የድርሰቱ ዋና ሐሳብ መጠሪያ ሆኗል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በነበሩት ዓመታት «የአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ» የሚለው አነጋገር በፖለቲካ ጽሑፎች እጅግ ተዘወተረ። ከ«ህሊናዊ» ጋር ተጣምሮ ይሠራበት የነበረው «ነባራዊ» ግን ከሰው ፈቃድ ውጭ ያለውን የሚያመለክት የፍልስፍና ቃል ስለሆነ የ«ተጨባጭ» ምትክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ዛሬ «ተጨባጭ» ዋና መኖሪያው የሪፖርት ቋንቋ ሲሆን በዚያም ክብደቱ እየቀለለ ሄዷል። ለምሳሌ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የምትኖር አንዲት እናት «ውሃ ከመጣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ» ብትል፣ ነገሩ ወደ ሪፖርት ሲገባ «በአካባቢው በውሃ አቅርቦት ረገድ ተጨባጭ ችግር ተስተውሏል» ይሆናል። የሚጨበጠው የእናቲቱ አነጋገር ነው፤ ቃሉ ግን በውስጡ የለም።

ለተርጓሚዎች ዋናው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማስረጃ፣ ውጤት፣ ለውጥ «ተጨባጭ» ይባላል፤ ሰው ግን አይባልም። በአሉታ «የማይጨበጥ ሰው» ስንል ቃሉ የማይጸና፣ ሲይዙት የሚያመልጥ ማለታችን ነው፤ «ተጨባጭ ሰው» የሚል አነጋገር ግን የለንም። ስለዚህ በባዕድ ቋንቋ ስሜት ሳያክል እውነቱን ብቻ የሚናገር ሰው ጠባይ በቅጽል ሲገለጥ፣ ተርጓሚው አቻ ቅጽል ፍለጋ ይገባና ይሳሳታል። «ደረቅ» ቢል ግትር ማለቱ ነው። «ቀዝቃዛ» ቢልም አዘኔታን ይነፍገዋል። ባየሁት አንድ ረቂቅ የልጇን ሞት ረጋ ብላ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳ የተናገረች ምስክር «በግዴለሽነት ተናገረች» ተብላ ነበር። ይህ የቃል ምርጫ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ቃሏን በሚመዝንበት ሚዛን ላይ የተጨመረ ድንጋይ ነው።

አማርኛ ይህን ጠባይ የሚገልጠው በግሥ ነው፤ «ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች» ቢባል በቂ ነበር። «እቅጩን ተናገረች» ግን እዚህ አይስማማም፤ ሰሚው ሊሰማው ያልፈለገው ወይም ሌሎች የሸፋፈኑት እውነት መኖሩን ስለሚያሳስብ የመጋፈጥ ቃና አለው። ደግሞም ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «እቅጩን» ሆኖ ከ«ተናገረ»ና ከ«ነገረ» ጋር ስለሚገኝ፣ በመዝገበ ቃላት «እቅጭ፦ ትክክል» ተብሎ ብቻውን ቢቀመጥ ለተጠቃሚው አይበጅም፤ ከነግሦቹ መግባት ይኖርበታል።