ዮጋ ኦቲዝም ላለባቸው ተማሪዎች የስሜት ድጋፍ የሚኾነው እንዴት ነው?

የዕረፍት ደወል ሲደወል አብዛኛው ተማሪ እየቦረቀ ወደ ሜዳ ይወጣል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ያው ድምፅ ጆሮን የሚወጋና የሚያስደነግጥ ሊኾን ይችላል። ጆሮውን ይይዛል፤ ይጮኻል፤ ከክፍል ይሸሻል። ምክንያቱ ያልተገለጠለት መምህር ድርጊቱን እንደ ብልግና ይቆጥረዋል። ወላጅም ልጁን ይዞ እንዲመለስ ይነገረዋል።

ኦቲዝም ከአዕምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን የሚቀበልበትን መንገድ የሚለውጥ ሁኔታ ነው። እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ጥፋትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል።

በሀገራችን ስለ ጉዳዩ በአደባባይ በመናገር ቀዳሚ ከኾኑት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይጠቀሳሉ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል።

ማዕከል በሌለበት ከተማ ያለ መምህርስ ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ወጪ ከማይጠይቁ አጋዥ ዘዴዎች አንዱ ዮጋ ነው። ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጡንቻውም ይወጠራል። ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት ሰውነትን ወደ ዕረፍት የሚመልሰውን የነርቭ ክፍል ያነቃል። እንቅስቃሴው በተመሳሳይ ሰዓትና ቅደም ተከተል መደጋገሙም፣ ድንገተኛ ለውጥ የሚያስጨንቀውን ልጅ ያረጋጋል። ብዙ ንግግር አያስፈልገውም፤ መምህሩ ያሳያል፣ ልጁ ይከተላል።

በኒው ዮርክ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለ16 ሳምንታት በየትምህርት ቀኑ ዮጋ የሠሩ ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎች አስቸጋሪ ባሕሪያቸው መቀነሱን በመምህራን ምዘና አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን አነስተኛ ነበር። ዮጋ ኦቲዝምን አያጠፋም፤ የባለሙያ ክትትልንም አይተካም።

ንፋስ መውጫ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ስለዚህ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ካልተገኘም ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራት ይመረጣል። ጸጥ ያለ ጥግ፣ ቅደም ተከተሉን የሚያሳዩ ሥዕሎችና 10 ደቂቃ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። እጅን ወደ ላይ መዘርጋት፣ ጎንበስ ማለት፣ በአፍንጫ ስቦ በዝግታ ማስወጣት በቂ ነው። ልጁን ሳያስጠነቅቁ መንካት፣ ማስገደድና ትንፋሹን እንዲይዝ ማድረግ አይገባም። የሚጥል ሕመም ካለበት አስቀድሞ የጤና ባለሙያን ማማከር ያሻል።

ዮጋ መነሻው ሕንድ፣ ታሪኩም ከእምነት ጋር የተያያዘ በመኾኑ ወላጆች ጥያቄ ቢያነሱ ተገቢ ነው። ትምህርት ቤቱ በክፍል የሚሠራው ሰውነትን ማፍታታትና መተንፈስ ብቻ መኾኑን በተግባር አሳይቶ ፈቃዳቸውን ሊያገኝ ይገባል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የአካቶ ትምህርትን መብት ይደነግጋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በክፍል ውስጥ የሚቀመጠው እንግዲህ በመብቱ እንጂ በችሮታ አይደለም። ዮጋም ኾነ ሌላ ድጋፍ የሚጠቅመው፣ አስቀድሞ ልጁ ወደ ቤት ሳይመለስ በክፍሉ ሲቆይ ነው።